ፕላካን ከላይ ወደ ታች፦ በአክሮፖሊስ ሥር ያለውን የአቴንስ ጥንታዊ ሰፈር በእግር ለማየት

አቴንስ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕላካን የሚያየው አክሮፖሊስን፣ ማለትም በከተማዋ መሐል ዓለት ላይ ያሉትን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች፣ ጨርሶ ሲወርድ ነው። ፀሐይ አናቱን መትታው፣ እግሩ ዝሎ፣ ተርቦ ይደርስና አድሪያኑ በሚባለው የሱቅ መንገድ ላይ ማግኔትና ቲሸርት አይቶ፣ ያገኘው ቤት ገብቶ በልቶ ይመለሳል። ከዚያ "ፕላካ እኮ ሱቅ ብቻ ነው" ይላል። እንዲህ ሲባል ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ፕላካ ሰው ሳይለቀው የኖረበት፣ ጥንታዊው ሐውልት፣ የቢዛንታይኑ ቤተ ክርስቲያን፣ የቱርኩ መስጊድና የዛሬው ነዋሪ ልብስ ያሰጣበት ገመድ በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙበት ሰፈር ነው።

የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ጠዋት ሰፈሩ፣ እኩለ ቀን ላይ ሙዚየሙ፣ ዓለቱ (አክሮፖሊስ) ደግሞ ወደ ማምሻው። ሰፈሩንም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ነው። ከታች የጀመረ ሰው ሱቁ ስለሚይዘው ላይኛው ፕላካ ሳይደርስ ቀኑ ይመሽበታል።

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

1. ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ

ፕላካ ውስጥ ለመዞር ትኬት አያስፈልግም። ለአክሮፖሊስ ግን ያስፈልጋል፤ የመግቢያ ሰዓትም የተወሰነ ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ዋጋው 30 ዩሮ ሆኗል። ድሮ በአንድ ትኬት የሮማውያኑን ገበያና ሌሎቹንም ሥፍራዎች ያስገባ የነበረው የጋራ ትኬት ቀርቷል፤ አሁን ለእያንዳንዱ ለብቻው ይከፈላል። የግሪክ ባህል ሚኒስቴር ይፋዊ የትኬት መሸጫ ድረ ገጽ ስላለው ከዚያ ግዙ፤ ደላላ ዋጋ ይጨምርባችኋል።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው። 08፡00 ካለ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት፣ 18፡00 ካለ ምሽት 12 ሰዓት ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በሰዓት መምታታት የተነሳ ትኬት የሚቃጠልበት ሰው አለ። በበጋቸው ወራት ለ11 ተኩል ወይም ለ12 ሰዓት ያዙ፤ ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ብርሃኑም ድንጋዩ ላይ ያምራል። ሙቀት በጣም በሚበረታባቸው ቀናት መንግሥት አክሮፖሊስን እኩለ ቀን ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት ስለሚዘጋው የቀትር ትኬት አትግዙ። በክረምታቸው በር የሚዘጋው ቀደም ብሎ ስለሆነ ያኔ ዓለቱን ጠዋት አድርጉትና ሰፈሩን ከሰዓት በኋላ ዙሩ።

ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ደግሞ ነጻ ቀኖቹን ይጠቀም፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት (በፈረንጅ ኖቬምበር እስከ ማርች) በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ፣ እንዲሁም ማርች 6፣ ኤፕሪል 18፣ ሜይ 18፣ የሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ፣ ኦክቶበር 28። እርግጥ በእነዚህ ቀናት ሰዉ ብዙ ነው።

2. ጫማና ወረቀት

የፕላካ መንገዶችና የአክሮፖሊስ ድንጋዮች በዘመናት እግር ተፈትገው እንደ መስተዋት ለስልሰዋል። ዝናብ ሳይኖርም ያንሸራትታሉ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ሂል ጫማ ደግሞ ድንጋዩን ስለሚጎዳ ጥንታዊ ሥፍራዎች ውስጥ ክልክል ነው። ትልቅ ሻንጣና የጀርባ ቦርሳ ወደ ዓለቱ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ታች በአደራ ይቀመጣል። የአቴንስ የቧንቧ ውኃ ይጠጣልና ባዶ ጠርሙስ ያዙና እየሞላችሁ ሂዱ።

ፓስፖርታችሁን ወይም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ከእጃችሁ አትለዩ። የግሪክ ፖሊስ መንገድ ላይ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥቁር መንገደኛ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ሊጠየቅ እንደሚችል አውቆ መሄድ ይሻላል። በሜትሮ ውስጥና በሞናስቲራኪ አደባባይ ኪስ አውላቂ አለ። "ስጦታ ነው" ብሎ እጃችሁ ላይ ክር ሊያስር የሚጠጋ ሰው ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሳትሰጡ እለፉ፤ ከታሰረ በኋላ ገንዘብ መጠየቁ አይቀርም።

3. በአክሮፖሊ ጣቢያ ውረዱ

ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው የሜትሮ 3ኛ መስመር 40 ደቂቃ ገደማ ተጉዞ የከተማዋ ዋና አደባባይ ሲንታግማ ያደርሳችኋል። ከሲንታግማ በ2ኛው መስመር አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዛችሁ አክሮፖሊ ላይ ውረዱ። ተራው የ90 ደቂቃ ትኬት 1.20 ዩሮ ነው፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ግን አይሠራም፣ ለእሱ የተለየ ትኬት ይገዛል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚህ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ የታጠበ፣ ድመቶቹ ደረጃ ላይ የተኙ ይሆናሉ። ከጣቢያው ወጥታችሁ ሰፊውን የእግረኛ መንገድ ዲዮኒሲዩ አርዮፓጊቱን ተሻገሩና ቪሮኖስ የምትባለውን ጠባብ መንገድ ያዙ። መንገዷ የተሰየመችው በእንግሊዛዊው ባለቅኔ በባይረን ነው፤ ለምን እንደሆነ ጫፏ ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

4. የሊሲክራቴስን ሐውልት ዙሪያውን እዩ

መንገዷ የምታወጣችሁ አንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ ነው። መሐል ላይ በአራት ማዕዘን መቆሚያ ላይ የተተከለ፣ ክብና ስድስት ዓምድ ያለው የዕብነ በረድ ሐውልት አለ። የተሠራው በ335/334 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በዚያ ዘመን በወይን አምላክ በዲዮኒሶስ በዓል ላይ የዝማሬ ቡድኖች ይወዳደሩ ነበር፤ የቡድኑን ወጪ የሚሸፍነው አንድ ባለጸጋ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ሽልማት ይሰጠዋል፤ እሱም ሽልማቱን ሰው በሚያይበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። ይህ ሐውልት የሊሲክራቴስ ሽልማት የቆመበት ነው። ከጎኑ የሚነሳው ትሪፖዶን የተባለው መንገድ ያኔ በእንዲህ ያሉ ሐውልቶች የተሞላ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከእነሱ ነው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል።

ቀና ብላችሁ ከዓምዶቹ በላይ ያለውን ቅርጽ ተመልከቱ። ዲዮኒሶስ የባሕር ወንበዴዎችን ወደ ዶልፊን ሲለውጣቸው ያሳያል። አንዳንዱ ወንበዴ ገና ግማሽ ላይ ነው፦ ጭንቅላቱና ደረቱ ዓሣ ሆኗል፣ እግሩ ግን ገና የሰው ነው፣ ወደ ባሕር ሲወረወር ይታያል። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ይህ በደንብ ይለያል።

ሐውልቱ እንዴት ተረፈ? በ1669 የካፑቺን መነኮሳት ቦታውን ገዝተው ሐውልቱን ከገዳማቸው ሕንጻ ጋር አዋሃዱት፤ ውስጡንም ለንባብ ተጠቀሙበት። ባይረን በ1810 እና በ1811 አቴንስ ሳለ ያረፈው በዚያ ገዳም ነበር። ግሪኮች ከቱርክ ነጻ ለመውጣት በተዋጉበት ጊዜ ገዳሙ ተቃጠለ፣ ሐውልቱ ቀረ። በፕላካ ይህን ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ የቆመው ነገር ሁሉ የቆመው አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ስለተጠቀመበት ነው።

5. ወደ አናፊዮቲካ ውጡ

ከአደባባዩ ወደ ዓለቱ በሚያመራው በኤፒሜኒዱ ደረጃ ውጡና ስትራቶኖስ ላይ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ትንሽ እንደሄዳችሁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ፤ "የዓለቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ" ይሉታል። እዚህ ላይ አናፊዮቲካ ይጀምራል።

ግሪክ ከቱርክ ነጻ ወጥታ አቴንስ በ1834 ዋና ከተማ ስትሆን ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ንጉሥ ኦቶም ቤተ መንግሥት ያስፈልገው ነበር። ግንበኞች ከደሴቶቹ መጡ፤ ከሳንቶሪኒ አጠገብ ካለችው ከአናፊ የመጡትም ቀን የንጉሡን ቤት ሲገነቡ ውለው ለራሳቸው ከዓለቱ ሥር ጎጆ ቀለሱ። ፀሐይ ጠልቃ እስክትወጣ ድረስ ተሠርቶ ያደረ ቤት ለሠራው ይጸናለት ነበር ይባላል። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሲንታግማ ላይ ያለው ፓርላማ ነው። የግንበኞቹ ቤቶች ደግሞ እነዚህ በኖራ የነጡ፣ ሰማያዊ በር ያላቸው፣ በትከሻ የሚነኩ ጎጆዎች ናቸው። በ1950 ለቁፋሮ ሲባል ከፊሉ ፈረሰ፤ የቀረው አርባ አምስት ገደማ ነው።

መንገዶቹ ስም የላቸውም። ቤቶቹ "አናፊዮቲካ" የሚል ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ካርታ አታውጡ፤ ስልካችሁም እዚህ ብዙ አይረዳችሁም። ዓለቱን በግራችሁ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ አትጠፉም። አንዳንዱ መተላለፊያ የሰው ግቢ መስሏችሁ ትመለሳላችሁ፤ ግን መንገድ ነው። አንዳንዱ ደግሞ መንገድ መስሎ የሰው በር ላይ ያቆማችኋል፤ ያኔ ይቅርታ ጠይቃችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ሰዎች ይኖሩበታል። ድምፅ ቀንሱ፣ በመስኮት አትመልከቱ፣ አሮጊቷ አበባ ስታጠጣ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፣ ደጃፍ ላይ አትቀመጡ። የልጅ ጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ክፍል ተዉት፤ ደረጃው አያስኬድም። ጉልበት ለሚያማቸው ወላጆችም ሰፊውን ዲዮኒሲዩ አርዮፓጊቱን መርጣችሁ ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ለአካል ጉዳተኞች ግን ዓለቱ ላይ የሚያወጣ ሊፍት ከ2020 ጀምሮ አለ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

6. አርዮስፋጎስ

ከአናፊዮቲካ ስትወጡ ቴዎሪያስ የተባለው መንገድ ዓለቱን ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ምዕራብ ይወስዳችኋል። ጫፉ ላይ ያለው ራቁቱን የቆመ ድንጋይ አርዮስፋጎስ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስ ተወስዶ የተናገረበት። "ለማይታወቅ አምላክ" የሚል ጽሑፍ ያለበት መሠዊያ አይቻለሁ ያለው፣ ከሰሙት መካከልም ዲዮናስዮስና ደማሪስ የተባለች ሴት ያመኑት በዚህ ነው። ንግግሩ በግሪክኛ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ከድንጋዩ እግር ተለጥፏል። የራሳችሁን መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ምዕራፉን እዚያው ብታነቡት ከየትኛውም አስጎብኚ የተሻለ ይገልጥላችኋል። ለመውጣት በብረቱ ደረጃ ተጠቀሙ፤ በድንጋይ የተፈለፈለው አሮጌው ደረጃ ክፉኛ ያንሸራትታል።

ከላይ ሆናችሁ በሰሜን በኩል ቁልቁል የሚታየው ዛፍ የሞላበት መስክ ጥንታዊው አጎራ፣ የጥንት አቴናውያን የገበያና የመሰብሰቢያ አደባባይ፣ ነው። እስከ 1930ዎቹ ድረስ እዚያ ቭሪሳኪ የሚባል ሰፈር ነበር። ከ1931 ጀምሮ አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ። በአጎራው የተገኘው ዕውቀት ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ላይ ሆኜ ሳየው ሁልጊዜ ስለ ቤቶቹም አስባለሁ። ፕላካ የተረፈው ግማሽ መሆኑን የምትረዱት እዚህ ነው።

7. ወደ ነፋሳት ግንብ ውረዱ

በመጣችሁበት ትንሽ ተመልሳችሁ በፓኖስ ቁልቁለት ውረዱ። የሮማውያን ገበያ አጥር ጋ ትደርሳላችሁ። ለመግባት ካልከፈላችሁም ዋናውን ነገር ከአጥሩ ውጪ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፦ ስምንት ጎን ያለው፣ 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም የዕብነ በረድ ግንብ። አንድሮኒኮስ የተባለ የቂሮስ ከተማ የሥነ ፈለክ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሠራው ሰዓት ነው። ከውጭ ጎኖቹ ላይ የፀሐይ ሰዓት፣ ውስጡ የውኃ ሰዓት ነበረው።

ዙሩት። በየጎኑ አንድ ነፋስ በሰው አምሳል ተቀርጿል፣ ስሙም ከላይ በግሪክ ፊደል ተጽፏል። የሰሜኑ ቦሬያስ ወፍራም ካባ የለበሰ ሽማግሌ ነው። የደቡቡ ኖቶስ የዝናብ ማሰሮ ይገለብጣል። የምዕራቡ ዜፊሮስ ወጣት ነው፣ እቅፉ ሙሉ አበባ። የሰሜን ምሥራቁ በረዶ የተሞላ ጋሻ ይዟል። በቱርኮች ዘመን ደርቪሾች ይሰበሰቡበት ስለነበር ይህም በጥቅም ላይ እንደዋለ ቆየ። ፊደሉን ለመለየት ሞክሩ፤ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲማቸው ላይ ያስቀረጹትና ንጉሥ ዒዛና ከግዕዙ ጎን በድንጋይ ያስጻፈው በዚሁ ፊደል ነው።

8. ትንሿን ቤተ ክርስቲያን አትለፏት

ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ተራመዱና ሚትሮፖሊ አደባባይ ትደርሳላችሁ። ትልቁ ካቴድራል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ውስጡ የአቴንሷ ቅድስት ፊሎቴይ ዐፅም አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጨነቁ ሴቶችን ታስጠልል የነበረች፣ በቱርኮች ተደብድባ በ1589 ያረፈች ናት። የቤተሰቧ ነው የሚባለው የቤኒዜሎስ ቤት ፕላካ ውስጥ አድሪያኑ 96 ላይ አሁንም ቆሟል።

ዋናው ነገር ግን ከጎኑ ያለችው ትንሿ ናት። ግድግዳዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከጥንታዊና ከቢዛንታይን ሕንጻዎች በመጡ የተቀረጹ ድንጋዮች የተሠራ ነው። ከምዕራቡ በር በላይ ያለው ረጅም ቅርጽ የጥንት አቴናውያን የበዓላት መቁጠሪያ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ አልፈጩትም፣ መስቀል ቀረጹበትና በራቸው ላይ አኖሩት። ሥዕሏ "ፈጥና የምትሰማ" የተባለችው እመቤታችን ናት።

ወደ ግሪክ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ አታውልቁ፤ ልማዳቸው አይደለም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ መልበስን ማንም አይከለክልም። ሻማ ገዝቶ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም ይቻላል። ቁርባን ግን አብያተ ክርስቲያናቱ በቁርባን አንድነት ስለሌላቸው አትጠጉ።

9. ምሳ

አሁን ሱቆቹ ተከፍተዋል፤ አድሪያኑንና ኪዳቴኔዮንን አቋርጡ። አስተናጋጅ መንገድ ላይ ወጥቶ የሚጎትትበት ቤት ብዙ ጊዜ ምግቡ ደካማ ነው። ከዋናው መንገድ አንድ መታጠፊያ ገባ በሉ።

ለሚጾም ሰው ግሪክ አገር ምቹ ናት። "ኒስቲሲሞ" ብላችሁ ጠይቁ፤ የጾም ማለት ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ፋቫ የተባለው ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፤ ከክክ አልጫ ቢርቅም ለእኛ አፍ እንግዳ አይደለም። ሆርታ የተቀቀለ ጎመን ነገር ነው፣ በሎሚና በወይራ ዘይት። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝም አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእነሱ ሥርዓት ሽሪምፕ፣ ካላማሪና ኦክቶፐስ በጾም ይበላል፤ የማትበሉ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። የፍልሰታ ጾማቸውም ከእኛ ቀድሞ በኦገስት 1 ይገባል፣ በ15 በዓሉ ነው።

ዓሣ ስታዙ በኪሎ ስለሚሸጥ ዋጋውን አስመዝኑና አረጋግጡ። ያላዘዛችሁት ዳቦ ከመጣ ሒሳብ ላይ ሊደመር ይችላል። ደረሰኝ ካልተሰጣችሁ የመክፈል ግዴታ እንደሌለባችሁ ሜኑው ላይ ራሱ ተጽፏል። ቡናቸው ከነዝቃጩ ይቀርባል፤ ያለ ስኳር ከፈለጋችሁ "ስኬቶ" በሉ፣ ሲመጣ አታማስሉት፣ እስኪዘቅጥ ጠብቁ።

10. ሙዚየሙ፣ ከዚያ ዓለቱ

ፀሐይ ስትበረታ ወደ አክሮፖሊስ ሙዚየም ግቡ፤ ጠዋት የወረዳችሁበት ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ መጸዳጃ ቤትም አለው (ፕላካ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም)። በ2009 የተከፈተው ይህ ሕንጻ የቆመው በቁፋሮ በተገኘ ጥንታዊ ሰፈር ላይ ነው፤ በመስታወቱ ወለል ሥር ቤቶች፣ መታጠቢያዎችና መንገዶች ይታያሉ። ጠዋት በላዩ የተራመዳችሁበት ዓይነት ሰፈር ነው።

ላይኛው ፎቅ ላይ የፓርቴኖን (የአክሮፖሊስ ዋናው ቤተ መቅደስ) ቅርጾች እንደ ሕንጻው አቀማመጥ ተደርድረዋል። ነጭ የሆኑት የኖራ ቅጂዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ዋናዎች በኦቶማን ቱርክ የብሪታንያ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ወስዷቸው በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ግሪኮች ባዶውን ቦታ በግልጽ አሳይተው እየጠየቁ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦቶቻችን ያሉት በዚያው ሙዚየም ነውና፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ቶሎ ቶሎ አትለፉ።

ወደ ዓለቱ ስትወጡ በደቡብ ምሥራቁ በር ግቡ፤ ከዋናው በር ይልቅ ሰልፉ አጭር ነው፣ መንገዳችሁም በዲዮኒሶስ ቲያትር በኩል ያልፋል፤ የሊሲክራቴስ ቡድን ያሸነፈበት በዓል የሚከበረው እዚያ ነበር። ፓርቴኖን (ከ447 እስከ 432 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ) ጋ ስትደርሱ ሁለት ነገር አስታውሱ፦ ቤተ መቅደሱ በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ሆኗል፤ በ1687 ደግሞ ቱርኮች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ መድፍ መትቶ አፈነዳው። ከዚያ ወደ ሰሜኑ ቅጥር ጠጋ በሉና ወደ ታች ተመልከቱ፤ ጠዋት የዞራችሁባቸው የአናፊዮቲካ ጣሪያዎች እግራችሁ ሥር ናቸው።

11. በፋሲካ ከሄዳችሁ

የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ፕላካን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሳምንት አላውቅም። በስቅለት ዓርብ ማታ የክርስቶስ ሥዕል ያለበትን መግነዝ የያዘ፣ በአበባ ያጌጠ አልጋ ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ በሰፈሩ ይዞራል፤ ሕዝቡ ሻማ ይዞ ይከተላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በትንሣኤው ብርሃኑ ከካህኑ ሻማ ወደ ሕዝቡ ይተላለፋል። ሻማችሁን ቀን ግዙ፣ የሰም መቀበያ ያለውን። ርችትም ይተኮሳልና ሕጻናት ያላችሁ ከአደባባዩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

በስቅለት ዓርብ ጥንታዊ ሥፍራዎች የሚከፈቱት ከእኩለ ቀን በኋላ ነው፤ በፋሲካ እሑድ ደግሞ ዝግ ናቸው። የአክሮፖሊስ ትኬታችሁን ከሐሙስ በፊት ላሉት ቀናት ያዙ፤ እሑድን ለሰፈሩ ተዉለት።